አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ ከተራራ ጫፍ ምድርን የለካው ዓሊም

ስለ ቀደምት የሙስሊም ሊቃውንት በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወሩት ጽሑፎች አንዱ፣ የስበትን ሕግ ከኒውተን በፊት ያገኘው አል-ቢሩኒ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ከኮፐርኒከስ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ አረጋግጧል ይላል። እነዚህን ጽሑፎች የሚያጋሩ ወንድሞችና እህቶች ኒያቸው መልካም እንደሆነ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሁለቱም አባባሎች ትክክል አይደሉም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ይዞ ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ቢከራከር ትርፉ ማፈር ነው። ካፈረ በኋላ ደግሞ ከተሳሳተው ወሬ ጋር እውነተኛውን አል-ቢሩኒንም አብሮ ይጥለዋል። እኛን የሚያሳስበን ይሄኛው ነው። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታትም በተደጋጋሚ አይተነዋል። ስለዚህ የዚህን ዓሊም ሕይወት ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለማቅረብ ወደድን። ሂጅራ ብለን ካልጠቀስን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ በ973 (በ362 ዓመተ ሂጅራ) በኸዋሪዝም ምድር፣ በካት ከተማ ዳርቻ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ከተማዋም በስሙ ቤሩኒ ተብላ ትጠራለች። ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት ነው፤ ከከተማው ቅጥር ውጭ የሚኖር ሰው እንደማለት ነው። አፉን የፈታው በኸዋሪዝምኛ ነው። ዐረብኛ ለእሱ በትምህርት ያገኘው ቋንቋ ቢሆንም አብዛኞቹን መጻሕፍቱን የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ገና በለጋ ዕድሜው አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አገኘው። ኢብን ዒራቅ የካት ገዢዎች ቤተሰብ አባል ነበር፤ ጂኦሜትሪንና የከዋክብትን ትምህርት አስተማረው። አል-ቢሩኒ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው የትውልድ ከተማውን ኬክሮስ በራሱ ለካ። አሠራሩ ዛሬም በጓሮ ሊሞከር የሚችል ነው። በቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ ምን ያህል ዲግሪ ከፍ እንዳለች ይለካል። በዚያ ዕለት ፀሐይ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንዳዘነበለች ከሠንጠረዥ ይነበባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው።

ይህ ሰላማዊ ጊዜ ብዙ አልቆየም። በ995 የጉርጋንጅ ገዢዎች ካትን ያዙ፤ የኢብን ዒራቅ ዘመዶች ከሥልጣን ተወገዱ። አል-ቢሩኒ በሃያ ሁለት ዓመቱ ተሰደደ። ዛሬ ከቴህራን አጠገብ በምትገኘው ረይ ከተማ በችግር ኖረ። በዚያ የሚኖር አንድ የከዋክብት አዋቂ በአንድ የሙያ ጉዳይ ላይ የሰጠውን ሐሳብ ድህነቱን አይቶ ተሳለቀበት፤ ኋላ ኑሮው ሲሻሻል ያው ሰው ወዳጅ ሆነ። ይህን ያቆየልን ራሱ አል-ቢሩኒ ነው።

በረይ ሌላም ነገር ተማረ። አል-ኹጀንዲ የተባለው ሊቅ በከተማዋ አቅራቢያ ባለ ተራራ ላይ፣ ራዲየሱ ሃያ ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ የፀሐይ መለኪያ ግንብ አሠርቶ ነበር። የፀሐይ ብርሃን ከላይ ባለ ቀዳዳ ገብቶ ከታች በተከፋፈለ ቅስት ላይ ያርፋል። መሣሪያው በጨመረ መጠን ክፍልፋዮቹም ይሰፋሉ፤ ልኬቱም ይጠራል ተብሎ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ጫፍ በደረሰችበትና ወደ ደቡብ ጫፍ በደረሰችበት ጊዜ በተደረጉት ልኬቶች መካከል ቀዳዳው ያለበት ክፍል አንድ ስንዝር ያህል ሰምጦ ነበር። ይህን የመዘገበው አል-ቢሩኒ ነው። በትልቅነቱ የተደነቀ መሣሪያ በገዛ ክብደቱ ሊዋሽ እንደሚችል ገና በወጣትነቱ ማወቁ በኋለኛው ሥራው ሁሉ ይታያል።

በ997 ወደ ካት ተመልሶ የጨረቃን ግርዶሽ ተመለከተ። ይህ ግን ተራ ምልከታ አልነበረም፤ በባግዳድ ከሚገኘው ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከአቡል ወፋ ጋር ቀድሞ የተነጋገሩበት ነበር። ጨረቃ በምድር ጥላ ውስጥ የምትገባበት ቅጽበት ለሚያያት ሁሉ አንድ ነው፤ የየከተማው ሰዓት ግን ይለያያል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ፣ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ደግሞ አራት ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ሰዓታቸውን ሲያነጻጽሩ በካትና በባግዳድ መካከል ያለውን የኬንትሮስ ርቀት አገኙ። ስልክ በሌለበት ዘመን ጨረቃን እንደ ጋራ ሰዓት ተጠቀሙባት ማለት ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ስሌት ቅርብ ነው። አዲስ አበባና መካ በኬንትሮስ የሚለያዩት በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ፀሐይ በመካ ቀትር ላይ ደርሳ አዲስ አበባ ቀትር እስክትሆን አራት ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። የአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኬንትሮሱ ከመካ በብዙ ለሚርቅ ከተማ ግን ቂብላን በግምት ማግኘት አይቻልም፤ የሁለቱንም ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ አውቆ በክብ ላይ የሚሠራ ትሪጎኖሜትሪ ያስፈልጋል። አል-ቢሩኒ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት አንዱ ጉዳይ ይህ ነበር።

ከዚያ በካስፒያን ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ጁርጃን ሄደ። በ1000 ገደማ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚመረምረውን አል-አሣር አል-ባቂያ የተሰኘ መጽሐፉን ለገዢው ለቃቡስ አበረከተ። ከኢብን ሲና ጋር ያደረገው የደብዳቤ ክርክርም የዚሁ ዘመን ነው። ኢብን ሲና በሰባት ዓመት ያንሰዋል። አል-ቢሩኒ ዐሥራ ስምንት ጥያቄዎች ላከለት፤ ዐሥሩ አርስጣጣሊስ ስለ ሰማይ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ያነጣጠሩ ነበሩ። የሰማይ አካላት ክብደትም ቅለትም የላቸውም የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? ከዚህ ዓለም ሌላ ዓለም ሊኖር አይችልም የተባለውስ ለምንድን ነው? ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል? በረዶ ውሃ ሆኖ ሳለ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይሰፋል፤ ጥግግቱ ስለሚቀንስ ይንሳፈፋል። በዚያ ዘመን ግን ቅዝቃዜ ሁሉን ያጨማድዳል፣ ያከብዳል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ጥያቄው የተለመደውን ትምህርት የሚፈታተን ነበር። ኢብን ሲና ለሁሉም መልስ ሰጠ፤ አል-ቢሩኒ ብዙዎቹን አልተቀበለም፤ ቃላቱም እየከረሩ ሄዱ። በመጨረሻ ኢብን ሲና ምላሹን ለተማሪው ለአል-መዕሱሚ ተወው። ሁለቱ የዘመኑ ታላላቅ አእምሮዎች በአርስጣጣሊስ ምክንያት መኳረፋቸው ፈገግ ያሰኛል።

በ1004 ገደማ ወደ አገሩ ተመልሶ በጉርጋንጅ ገዢ በማእሙን ቤተ መንግሥት አገለገለ። በ1017 ማእሙን በገዛ ሠራዊቱ ዐመፅ ተገደለ፤ የሚስቱ ወንድም የሆነው የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ይህን ምክንያት አድርጎ ኸዋሪዝምን ያዘ። አል-ቢሩኒና አስተማሪው ኢብን ዒራቅ ወደ ገዝና፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ወደምትባለው አገር ተወሰዱ። እስረኛ ይሁን ባለሟል በውል የማይለይ ኑሮ ነበር። በ1018 በካቡል አቅራቢያ ባለች መንደር ሳለ አንድም መለኪያ አልነበረውም። እሱ ግን የሒሳብ መሥሪያ ሰሌዳውን ገልብጦ በጀርባው ላይ ቅስት ሣለ፤ በዲግሪ ከፋፈለው፤ በክር ላይ ክብደት አንጠልጥሎ የፀሐይን ከፍታ ለካ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የለንም እያሉ ለሚያዝኑ መምህራን ይህን ታሪክ ደጋግመን ነግረናል።

አሁን ስሙን ወዳስጠራው ልኬት እንምጣ። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ኸሊፋው አል-ማእሙን የምድርን መጠን ለማወቅ የሊቃውንት ቡድን ወደ በረሃ ልኮ ነበር። ሰዎቹ የሰማዩ ዋልታ በአንድ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ እስኪል ድረስ በቀጥታ መስመር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየተጓዙ ርቀቱን በገመድ ለኩ። ድካሙ ብዙ፣ ወጪውም የመንግሥት ነበር። አል-ቢሩኒ ደግሞ ሠራዊቱን ተከትሎ በሄደበት ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው የነንዳና ምሽግ ሳለ፣ ፊቱ ሰፊ ሜዳ የተዘረጋለት ተራራ አገኘ። ይህ ሜዳ ገመዱንና ሠራተኛውን የሚያስቀር መንገድ ሰጠው።

መጀመሪያ ከሜዳው ላይ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቆሞ የተራራውን ጫፍ የሚያይበትን ዘዌ ለካ፤ ከሁለቱ ዘዌዎችና በመካከላቸው ካለው ርቀት የተራራው ከፍታ 652 ክንድ ያህል እንደሆነ አሰላ። ቀጥሎ ወደ ጫፉ ወጣና ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ተመለከተ። ምድር ጠፍጣፋ ብትሆን ኖሮ፣ ወደ አድማስ የሚያይ ዓይን ምን ያህል ከፍ ቢል እይታው በተግባር ወደ ታች ባላዘነበለ ነበር። ምድር ክብ ስለሆነች ግን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አድማሱ ከዓይናችን ትይዩ ወደ ታች ይወርዳል። እሱ የለካው መውረድ 34 ደቂቃ ነበር፤ ይህ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ ደቂቃ ነው፤ ስልሳው አንድ ዲግሪ ይሆናል። በሰማይ ላይ ሙሉ ጨረቃ ከያዘችው ስፋት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከምድር መሐል ወደ አድማሱ፣ ከአድማሱ ወደ ተራራው ጫፍ፣ ከጫፉ ተመልሶ ወደ መሐል መስመር ብንስል ቀጤ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። ከፍታውና ዘዌው ስለታወቁ የምድር ራዲየስ በአንድ ስሌት ይወጣል።

ውጤቱ ከዛሬው 6,371 ኪሎ ሜትር የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሉ ጽሑፎች አሉ። በዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። እሱ የለካው በክንድ ነው፤ አንድ ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በምንመርጠው መጠን ኪሎ ሜትሩም ይለወጣል። ከዚያ ይልቅ ክብደት ያለው ነገር ዘዌው ነው። በ34 ደቂቃ ላይ የአንዲት ደቂቃ ስህተት ራዲየሱን በመቶ 6 ያህል፣ ማለትም ወደ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ያዛባዋል። አየር ደግሞ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ አድማሱ ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። አል-ቢሩኒ ራሱ ምን አደረገ? ያገኘው ቁጥር የአል-ማእሙን ቡድን ካገኘው ጋር መቀራረቡን ገለጸ፤ የእነሱ መሣሪያዎች የተሻሉ፣ ድካማቸውም የበለጠ ነበር በማለት በእነሱ ቁጥር መሥራትን መረጠ። የራሱን ዘዴ የፈጠረ ሰው የራሱን ውጤት ወደ ኋላ አደረገ። የዛሬ አድናቂዎቹ ግን እሱ ያልጠየቀውን ክብር ሊሰጡት ይሽቀዳደማሉ።

በገዝና ቤተ መንግሥት ዕውቀት ሁልጊዜ የተመቸ ነገር አልነበረም። ከሩቅ የቱርክ አገር የመጣ መልእክተኛ በምድር ዋልታ አካባቢ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትዞርበት ቦታ እንዳለ ለሱልጣን ማሕሙድ ሲነግረው፣ ሱልጣኑ ነገሩን እንደ ክህደት ቆጥሮ እንደተቆጣ ያቁት አል-ሐመዊ ዘግቧል። ምድር ክብ ከሆነችና ፀሐይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ይህ የግድ እንደሚሆን አስረድቶ ያረጋጋው አል-ቢሩኒ ነበር። ዛሬ በሰሜን ኖርዌይና በሰሜን ስዊድን የሚኖሩ ሙስሊሞች በየዓመቱ የሶላትና የፆም ሰዓታቸውን የሚወያዩበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ስለ ጥላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የዙህርና የዐስር ወቅት በጥላ ርዝመት እንዴት እንደሚታወቅ በዝርዝር ያስተምራል። እዚያው አንድ ታሪክ አለ። ለአንድ የመስጂድ ሰው ወቅቱን የሚያሳይ መሣሪያ ቢቀርብለት፣ በላዩ ላይ የሩም ወሮች ስለተቀረጹበት አልቀበልም አለ። የሰበቡም መነሻ ከካፊሮች ጋር መመሳሰል ነው። አል-ቢሩኒ፣ ሩሞች ምግብም ይበላሉና በመብላትም አትመሳሰላቸው እንደማለት ያለ መልስ ሰጠው። ፀሐይ የማንም ወር ቢጻፍባት መንገዷን አትቀይርም።

በ1029 የጻፈው አት-ተፍሂም የተባለው መጽሐፍ ለመምህር የተለየ ጣዕም አለው። የተዘጋጀው ረይሓና ቢንት አል-ሐሰን ለተባለች ሴት ሲሆን፣ አቀራረቡ በጥያቄና መልስ ነው። መጀመሪያ ጂኦሜትሪ፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያ የሰማይ ትምህርት ይመጣል። በሰማይ ላይ እንደ ወተት የፈሰሰውን ነጭ መስመር ተለይተው የማይታዩ እጅግ ብዙ ከዋክብት ክምችት አድርጎ ይገልጸዋል፤ ጋሊሊዮ በቴሌስኮፕ አይቶ ይህንኑ ያረጋገጠው ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የኮከብ ጥንቆላም ክፍል አለ፤ ሰዉ ይፈልገው ስለነበር ጻፈው እንጂ እሱ ራሱ እምነቱ ቀጭን ነበር።

ከማሕሙድ ዘመቻዎች ጋር ወደ ሕንድ የሄደው አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ተማረ፤ የሕንድ ሊቃውንትን መጻሕፍት አነበበ፤ በ1030 ስለ ሕንድ ታላቅ መጽሐፉን ጨረሰ። አርያብሃታ ምድር በራሷ ዛቢያ ትዞራለች ማለቱን ከእነዚህ መጻሕፍት አገኘ። የእሱ ዘመን ሰው የሆነው አስ-ሲጅዚም ምድር ትዞራለች በሚለው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ኡስጡርላብ ሠርቶ ነበር፤ አል-ቢሩኒ መሣሪያውን አድንቋል። በአውቶቡስ ተራ ቆመን የጎናችን አውቶቡስ ሲንቀሳቀስ የእኛ የሄደ እንደሚመስለን ሁሉ፣ ሰማይ ቢዞር ወይም ምድር ብትዞር ለተመልካቹ አንድ ነው። የከዋክብት ስሌት በሁለቱም መንገድ ይሠራልና ጥያቄውን ለመፍታት ከባድ ብሎታል።

በኋላ በአል-ቃኑን አል-መስዑዲ ውስጥ ግን ምድር ቆማለች ወደሚለው አዘነበለ። ያስቸገረው ፍጥነቱ ነበር። ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሽከረከራለች፤ ይህን ያህል ብትፈጥን ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይና የሚበር ወፍ ለምን ወደ ኋላ አይቀሩም? መልሱ፣ ድንጋዩም ወፉም አየሩም ያንኑ ፍጥነት ይዘው አብረው መሄዳቸው ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር ኃይል ካልከለከለው እንቅስቃሴውን አይተውም የሚለው ሐሳብ ከጋሊሊዮ በኋላ ተብራርቶ በ1687 በኒውተን መጽሐፍ ሕግ ሆነ። የምድር መሽከርከር በፎኮ ፔንዱለም ለሕዝብ የታየው በ1851 ነው። ስበትንም በተመለከተ አል-ቢሩኒ ከባድ ነገር ወደ ምድር መሐል ይሄዳል የሚለውን የቀደምቶቹን ትምህርት ያውቃል፤ ማንኛውም ሁለት አካል እርስ በርሱ ይሳሳባል፣ ኃይሉም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል የሚለው ግን የኒውተን ነው። አል-ቢሩኒ ያልተናገረውን በአፉ ማስገባት እሱን ማክበር አይደለም።

አል-ቃኑን በዐሥራ አንድ ክፍል የተዋቀረ፣ 1,029 ከዋክብትን በሠንጠረዥ የያዘ ሥራ ነው። ለማሕሙድ ልጅ ለሱልጣን መስዑድ አበረከተው። መስዑድ በምላሹ በዝሆን የተጫነ ብር ላከለት፤ አል-ቢሩኒም አያስፈልገኝም ብሎ መለሰው ይባላል።

በብረቶችና በከበሩ ድንጋዮች ላይ የሠራው ሥራም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በጎኑ ወደ ታች የታጠፈ ቱቦ ያለው ዕቃ አዘጋጅቶ እስከ ቱቦው አፍ ውሃ ሞላው። ወርቅ ሲጨምርበት የወርቁን መጠን ያህል ውሃ ይፈሳል፤ የፈሰሰው ሲመዘን ወርቁ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይታወቃል። በቱቦው ላይ የሚቀረው ጠብታ ልኬቱን እንዳያዛባ ዕቃውን ደጋግሞ አሻሻለ። ለወርቅ ያገኘው ከዛሬው 19.3 ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። አል-ኻዚኒ በ1121 ሚዛን አል-ሒክማ በተሰኘው መጽሐፉ ውጤቶቹን አቆይቶልናል። በገበያ ላይ ወርቁ መዳብ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ነጋዴም ከዚህ ይጠቀማል።

በ1036 የራሱን መጻሕፍት ዝርዝር ሲያወጣ ከመቶ በላይ ሆነው ተገኙ። ዓይኑና ጆሮው ከደከሙ በኋላም ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚያስረዳውን የመጨረሻ መጽሐፉን በረዳት አዘጋጀ። ብዙዎች የሞተው በ1048 (በ440 ሂጅራ) ነው ይላሉ፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዕድሜው በጨረቃ ዓመት ከሰማንያ እንዳለፈ ስለሚጠቅስ ከ1050 በኋላ ነው የሚሉም አሉ።

ያቁት በዘገበው መሠረት አል-ወልዋሊጂ የተባለው ፈቂህ ሊጠይቀው ሲገባ ነፍሱ ከደረቱ ልትወጣ ተቃርባ ነበር። አል-ቢሩኒ ግን ከዚህ በፊት ስለ ሴት አያቶች ውርስ የነገረውን አንድ መስአላ እንዲያብራራለት ጠየቀው። ፈቂሁ አዝኖ፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ወይ አለው። እሱም ሳላውቀው ከምሞት አውቄው ብሞት አይሻልም ወይ የሚል መልስ ሰጠው። ፈቂሁ መስአላውን አስረዳው፤ አል-ቢሩኒም ደግሞ አሰማው። ፈቂሁ ተሰናብቶ ወጥቶ ገና መንገድ ላይ ሳለ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። አላህ ይዘንለት።